የአትክልት ጭማቂ ጉበትን የሚጠብቀው ከምንድን ነው? የአንድ ክር ውሎ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ ያለውን የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈተው ሰው ጨዋ ነው። ጠዋት ጠዋት ቀይ ስር፣ ካሮትና ፖም አብሮ እየጨመቀ እንደሚጠጣ ጻፈ። ይህን የጀመረው ጭማቂዎቹ በያዙት አንቲኦክሲዳንት (ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ሴል የሚጎዱ ቅንጣቶችን የሚያከሽፍ ነገር) ጉበትን ያጸዳሉ፣ ከጉዳትም ይከላከላሉ የሚል ነገር አንብቦ ነው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ አስከተለ፤ ከተለመዱት ጭማቂዎች የትኛው ይበልጣል፣ በቀንስ ስንት ብርጭቆ ይበቃል። ይሠራል ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ እሱን ያለቀለት ጉዳይ አድርጎ ነው የተነሣው። ሰዉ ደግሞ ውሎ ያመሸው እዚያው ባልተጠየቀው ላይ ነው። ምላሾቹን በየቁጥራቸው አስቀምጫለሁ፤ ፍሬ ያለውን ዘርዘር፣ ሌላውን አለፍ እያደረግኩ።

ምላሽ 1

ቀይ ስር ከጀመረች ወዲህ ሰውነቷ እንደቀለላት፣ ድካሙም እንደለቀቃት የጻፈች ሴት ናት። በርታ ብላው ወጣች። ቀይ ስር ውስጥ ያለው ናይትሬት የደም ሥርን ዘና አድርጎ የደም ግፊትን ጥቂት ዝቅ እንደሚያደርግ በሰው ላይ ታይቷል፤ ጉበትን በተመለከተ ግን እሷም ያለችው ነገር አልነበረም።

ምላሽ 2

ሮማንን አስቀደመ። ፑኒካላጂን የሚባለው ውህድ በብዛት ያለው ልጣጩ ላይ ስለሆነ፣ ፍሬው ከነልጣጩ ተጨፍልቆ ሲወጣ ጭማቂው እንደሚበረታ አስረዳ። ይህ ልክ ነው። ከልክነቱ ተነሥቶ ስለዚህ ለጉበት አንደኛ ነው ወደሚለው የዘለለበት መንገድ ግን አልታየኝም።

ምላሽ 3

የሰንጠረዥ ምስል ለጠፈ፤ በአንቲኦክሲዳንት ጉልበታቸው ደረጃ የወጣላቸው ፍራፍሬዎችና አትክልቶች። ከሥሩ አንድም ቃል አልጨመረም።

ምላሽ 4

የኬሚስትሪ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። የምላሽ 3 ሰንጠረዥ ኦራክ በሚባለው መለኪያ የተሠራ እንደሆነ፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ራሱ ያወጣውን የኦራክ ዝርዝር በ2012 ከድረ ገጹ እንዳነሣው አስታወሰ። ምክንያቱ ሻጮች ቁጥሩን ለማስታወቂያ መጠቀማቸውና በብልቃጥ የተለካው ጉልበት ሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው የማይናገር መሆኑ ነው።

ቀጥሎ ሌላውን የተለመደ መለኪያ አብራራ። ዲፒፒኤች የሚባል ሐምራዊ ፍሪ ራዲካል አለ፤ ጭማቂ ጠብ ሲደረግበት ወደ ቢጫ ይፈዛል፤ መሣሪያው በ517 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ስንት እንደፈዘዘ ያነባል። ሙከራው ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ማንኛውም ተክል ሊለካበት ይችላል፤ ባለ ቀለምና ጎምዛዛ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ጥሩ ውጤት ያመጣበታል። ያ ውህድ ግን በአንጀት ያልፋል አያልፍም፣ ካለፈስ በምን መልክ ጉበት ይደርሳል ለሚለው መልስ የለውም። እዚህ ላይ ወደ ምላሽ 2 ተመለሰ። ፑኒካላጂን እንዳለ ደም ውስጥ አይገባም፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሰባብረው ዩሮሊቲን የሚባል ሌላ ነገር ያደርጉታል፤ ይህን መሥራት የሚችሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሰው ሁሉ ዘንድ እኩል አይገኙም። አንድ ብርጭቆ የጠጡ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አላገኙም ማለት ነው።

ምላሽ 5

ብልቃጡን ተውትና አይጦቹስ ሲል ገባ። ጭማቂ የተሰጣቸው የሙከራ አይጦች ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት፣ ደም ውስጥ ሲበዙ ጉበት መጎዳቱን የሚጠቁሙት የጉበት ኢንዛይሞቻቸው ወርደው የታዩባቸው ጥናቶች ሞልተዋል አለ። እውነቱን ነው፤ ሞልተዋል።

ምላሽ 6

የክሩ አከርካሪ ይህ ነው። የፋርማኮሎጂ ተማሪ ነኝ ያለች ልጅ ሙከራው እንዴት እንደሚካሄድ ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከች። አይጦቹ በቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ጭማቂ ይጠጣል፤ ከዚያ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለው መርዝ ይሰጠዋል። ሌላው ቡድን ያለ ጭማቂ መርዙን ብቻ ይወስዳል። በመጨረሻ ደማቸው ይቀዳል፤ ጉበታቸውም ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

መርዙ ራሱ እንዳለ ብዙም አይጎዳም። የጉበት ሴል ውስጥ ሳይቶክሮም ፒ450 ከሚባሉት ኢንዛይሞች አንዱ ሲያገኘው ነው ወደ ፍሪ ራዲካል የሚለወጠው። ያ ራዲካል የሴሉን የስብ ሽፋን ያበላሻል፤ ሴሉ ሲቀደድ ውስጡ የነበረው ኤኤልቲ ወደ ደም ይፈስሳል። ጭማቂ የጠጡት አይጦች ኤኤልቲ ካልጨመረ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ አንቲኦክሲዳንቱ ራዲካሉን ይዞታል፣ ወይ ጭማቂው ውስጥ ያለ ነገር ያንን ኢንዛይም አፍኖ መርዙ ከመጀመሪያውም አልተቀሰቀሰም። ሁለተኛው ከሆነ ከፍሪ ራዲካል መከላከል አይባልም፤ እንዲያውም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሌላ ጣጣ ነው። ብዙዎቹ አጫጭር ጥናቶች እነዚህን ሁለቱን አይለዩም።

ቀጥላ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ምን እንደሆነ ተናገረች። ድሮ ለልብስ ደረቅ እጥበትና ለእሳት ማጥፊያ ያገለግል የነበረ ፈሳሽ ነው፤ ዛሬ በኑሮው የሚያገኘው ሰው የለም። የሰው ጉበት የሚታመመው በሄፓታይተስ ቫይረሶች፣ በአልኮል፣ በስብ ክምችትና በመድኃኒት ነው። ጭማቂ ጉበትን ይጠብቃል የሚል ሁሉ ከየትኛው እንደሚጠብቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል ብላ ዘጋች። እኔ ብሆን የክሩን ርዕስ በዚህ ጥያቄ እለውጠው ነበር።

ምላሽ 7

አመሰገናት። ሌላ የለም።

ምላሽ 8

ጸባዩ ከዚህ ጀምሮ ተለወጠ። ሰውየው ወንድሞቼ እህቶቼ ብሎ ጀምሮ በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ተሳዳቢ ሆነ። ሰው ከመድኃኒት ፋብሪካ በፊትም ይኖር እንደነበር፣ ተማሪዋ የተማረችውን እንደበቀቀን እንደምትደግም፣ ተፈጥሮን የሚያጣጥል ሁሉ የሚያተርፍበት ነገር እንዳለው ጻፈ። ጭማቂ የሚሸጠውም እንደሚያተርፍበት አልታሰበውም።

ምላሽ 9

ዕድሜያቸው ገፋ ያለና በሕክምና ያገለገሉ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ምላሽ 8ን ልጄ ብለው ጠርተው አረጋጉት፤ ከዚያ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ነገር አመጡ። ጉበት የራሱ አንቲኦክሲዳንት አለው፤ ግሉታታዮን ይባላል፤ ጉበት ራሱ ነው የሚሠራው። ፓራሲታሞል ጉበት ውስጥ ሲፈጭ ከሚወጡት ነገሮች ጥቂቱ መርዝ ነው፤ በተለመደው መጠን ግሉታታዮን ይዞ ያስወጣዋል። ሰው ከመጠን በላይ ሲወስድ ግን ግሉታታዮኑ ያልቅና ሴሉ ይሞታል። ሆስፒታል የሚሰጠው ኤን አሴቲል ሲስቲን ጉበቱ ግሉታታዮኑን መልሶ እንዲሠራ ጥሬ ዕቃ ያቀብለዋል፤ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ከተጀመረ እጅግ ጥሩ ይሠራል።

ስለዚህ ጉበትን በአንቲኦክሲዳንት መጠበቅ ተረት አይደለም አሉ፤ የሚሠራው ግን የታወቀ መርዝ፣ የታወቀ መድኃኒት፣ የታወቀ መጠንና ሰዓት ሲገጥሙ ነው። ከመጠን በላይ ፓራሲታሞል የዋጠ ሰው ምንም ባያመውም እንኳ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ የመጀመሪያው ቀን ሕመም የሌለበት መሆኑ ብዙ ሰው አታልሏል። ጭማቂ እየሰጡ መጠበቅ ማለት ሰዓቱን ማባከን ነው።

ምላሽ 10

የአጎቱን ታሪክ አመጣ። ኤኤልቲው ከፍ ብሎ የነበረ ሰው ቀይ ስር በመጠጣት ብቻ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ በእርግጥ በዚያው ሰሞን መጠጥም አቁሞ ነበር አለ።

ምላሽ 11

ያቺን «በእርግጥ» የምትል ቃል ያዛት። አልኮል ያቆመ ሰው ኢንዛይሙ በሳምንታት ውስጥ እንደሚወርድ፣ ምስጋናው ለቀይ ስሩ መሄዱ እንደሚያስቀው፣ አጎትዬው አልኮሉን ቀጥሎ ቀይ ስሩን ቢጠጣ ኖሮ እንነጋገር ነበር ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ትንሽ መረር ይላል፤ ምላሽ 10 አልተመለሰም። ደግሞም ኤኤልቲ ያለ ምንም ምክንያት ከምርመራ ምርመራ ከፍ ዝቅ የሚል ቁጥር መሆኑን ጨመረ፤ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ የተገኘ ቁጥር ሲደገም ወርዶ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ምላሽ 12

ይህኛው ፖሙ ላይ ዞረ። በ100 ሚሊ ሊትር የፖም ጭማቂ ውስጥ 10 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ በ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 25 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የጭማቂን ስኳር ከማርና ከነጭ ስኳር ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው ያስገባው፤ ከቀን ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ያህል ነው፤ አንዷ ብርጭቆ ጨረሰችው።

ከዚያ ፍሩክቶስ የተባለውን የፍራፍሬ ስኳር አነሣ። ፍሩክቶስ በብዛት ሲመጣ ተቀብሎ የሚያስተናግደው በዋናነት ጉበት ነው፤ የተረፈውን ወደ ስብ ይለውጠዋል። በ2019 የታተመ ሙከራ ጠቀሰ፤ ጉበታቸው ላይ ስብ የተከማቸ ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 40 ወንዶች ልጆች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ጭማቂን ጨምሮ ነጻ ስኳር የሚባለው ያ መደብ ለ8 ሳምንታት ተቀነሰላቸው። የነዚያ ልጆች የጉበት ስብ በአማካይ ከ25 በመቶ ወደ 17 በመቶ ወረደ፤ እንደወትሮው የበሉት ከ21 ወደ 20 ብቻ። በሰው ላይ ተሞክሮ የጉበት ስብ የቀነሰው ጭማቂ በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው ማለቱ ነው።

ምላሽ 13

የፍራፍሬ ስኳር የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም አለ፤ ምላሽ 8 ወዲያው ላይክ አደረገው።

ምላሽ 14

የምላሽ 4 ኬሚስት ተመለሰ፤ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ሰዎች ፖም ሲበሉ የደማቸው የአንቲኦክሲዳንት ጉልበት ከፍ ይላል፤ ይህ ለዓመታት ፍላቮኖይድ የሚባሉት የፖሙ አንቲኦክሲዳንቶች ሥራ ተደርጎ ሲወራ ኖሯል። በ2004 የወጣ ጥናት ግን ጭማሪው የመጣው ከፍሩክቶሱ እንደሆነ አሳየ። ፍሩክቶስ ጉበት ውስጥ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል፤ ዩሪክ አሲድ ደግሞ በብልቃጥ ሲለካ አንቲኦክሲዳንት ነው። ሪህ የሚያመጣው ያው ዩሪክ አሲድ! መለኪያው ወደ ላይ ስላለ ብቻ ደስ ሊለን እንደማይገባ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ምላሽ 15

ጠያቂው መጣ። ሁሉንም አመስግኖ እስካሁን ያልተናገረውን ተናገረ፤ ኤኤልቲው ትንሽ ከፍ ብሏል፣ በአልትራሳውንድም ጉበቱ ላይ ስብ ታይቷል፣ ለኮሌስትሮልም ሲምቫስታቲን ይወስዳል። ምላሽ 12ን ካነበበ በኋላ ስኳሩን ለመቀነስ ፖሙን በግሬፕፍሩት ለመተካት አስቧል። ክሩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ምላሽ 16

ፋርማሲስት ናት፤ ሰላምታም ሳታስቀድም አቁም ብላ ጀመረች። ግሬፕፍሩት ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ አንጀት ላይ ያለውንና መድኃኒቱ ወደ ደም ከመግባቱ በፊት የሚቀንሰውን ኢንዛይም ያበላሹታል። ስለዚህ ከሲምቫስታቲኑ ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ይጨምራል፤ ጡንቻ እስከ መሟሟትና ኩላሊት እስከ መጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ኢንዛይሙ ተመልሶ እስኪሠራ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚፈጅ ጭማቂውን ጠዋት፣ ክኒኑን ማታ ማድረግ አያድንም። ጎምዛዛው የሴቪል ብርቱካንም ያው ነው፤ ተራው ጣፋጭ ብርቱካን ግን ይህ ጣጣ የለበትም።

ነገሩ የታወቀው በአጋጣሚ እንደሆነም ነገረችን። በ1989 በወጣ ጥናት ፌሎዲፒን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲመረምሩ የአልኮሉን ጣዕም ለመሸፈን ግሬፕፍሩት ተጠቀሙ፤ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ካሰቡት በላይ ሆኖ ተገኘ። ተማሪዋ በምላሽ 6 ኢንዛይም ማፈን ስትል የፈራችው ይህንኑ ነው። ፋርማሲስቷ በመጨረሻ መድኃኒቱን በራስህ እንዳታቆም፣ ያዘዘልህን ሐኪም አነጋግር ብላ አጥብቃ መከረችው።

ምላሽ 17 እና 18

አንዱ ስታቲን (ሲምቫስታቲን የሚመደብበት የኮሌስትሮል መድኃኒት ወገን) ራሱ ጉበት አይጎዳም ወይ ብሎ ጠየቀ። የምላሽ 9 አዛውንት መለሱለት፤ ኢንዛይምን ጥቂት ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ከባድ ጉዳት ግን እምብዛም አይታይም፣ ጉበት ላይ ስብ መኖሩም ስታቲን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።

ምላሽ 19

የእርድና የቁንዶ በርበሬ እንክብል፣ የተጨመቀ አረንጓዴ ሻይ ዱቄት፣ የሬት ፈሳሽ፤ ጭማቂ የልጅ ጨዋታ ነው፣ እነዚህ ናቸው ጉበት የሚያጥቡት አለ። ስልክ ቁጥር አስቀምጦ ነበር፤ አወያዩ ቁጥሩን አጥፍቶ ጽሑፉን ተወው።

ምላሽ 20

ፋርማሲስቷ ተመለሰች፤ በዚህኛው ትዕግሥቷ አልቋል። ጠያቂውን አንተ እያለች በደግነት የጻፈችው ሴት ሻጩን እርስዎ አለችው፤ አንቱታው ከስድብ ይከፋ ነበር። በ2018 የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ (ካቴኪን ከሚባሉት የአረንጓዴ ሻይ አንቲኦክሲዳንቶች ዋናው) የጉበት ኢንዛይምን ከፍ እንደሚያደርግ አስታውቋል፤ የተቀዳ ሻይ በተለመደው አጠጣጥ ይህ ስጋት የለበትም። በእርድ እንክብል ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል፤ ቁንዶ በርበሬ የሚጨመረው እርዱ በብዛት ወደ ደም እንዲገባ ስለሆነ አደጋውንም አብሮ ያስገባዋል፤ ከተጎዱትም ብዙዎቹ አንድ ዓይነት በዘር የሚወረስ የጂን ምልክት ያላቸው ናቸው። ሬትም ጉበት ጎድቶ የተመዘገበባቸው ሰዎች አሉ። ጉበት የሚያጥብ ብለው የሚሸጡት ነገር ጉበት ሲጎዳ ደንበኛው ወዴት ይደውል ብላ ጠየቀችው። መልስ አልመጣም።

ምላሽ 21

ስለ ካሮት ያነሣው ይህ ብቻ ነው። ካሮት የሚወደድበትን ቤታካሮቲን የተባለ አንቲኦክሲዳንት በክኒን የሞከሩ ሁለት ትልልቅ ጥናቶችን ጠቀሰ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሾች በተካፈሉበትና በ1994 በወጣው፣ በቀን 20 ሚሊ ግራም የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው በ18 በመቶ ጨመረ። በአሜሪካ የተካሄደው ሁለተኛው በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ እዚያ ጭማሪው 28 በመቶ ነበር። ካሮት መብላት አደጋ ነው ማለቱ እንዳልሆነ በቅንፍ አክሏል፤ አንቲኦክሲዳንት በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለው ስሌት ግን እዚያ ወድቋል አለ።

ምላሽ 22

ተማሪዋ ነች፤ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን እንዳይደፋ ብላ። በ2010 በወጣ ሙከራ ጉበታቸው በስብ የተቆጣ፣ ስኳር በሽታ የሌለባቸው 247 አዋቂዎች ተካፍለው፣ በቀን 800 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ለ96 ሳምንታት ከወሰዱት 43 በመቶው ተሻላቸው፤ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ከወሰዱት 19 በመቶው። ቫይታሚን ኢ አንቲኦክሲዳንት ነው። ነገር ግን ከጭማቂ የማይገኝ መጠን ነው፤ በሌላ ትልቅ ጥናትም የፕሮስቴት ካንሰርን ከፍ አድርጎ ስለታየ ያለ ሐኪም የሚጀመር አይደለም። ለጠያቂው ደግሞ ከክብደቱ 5 በመቶ ቢቀንስ የጉበቱ ስብ እንደሚቀንስ፣ ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ መቆጣቱም እንደሚበርድ ነገረችው።

ምላሽ 23 እስከ 26

ከዚህ ወዲያ ወሬው ተበተነ። አንዱ ቀይ ስር በጠጣ ማግስት ሽንቱ ቀልቶ ደም መስሎት መሮጡን ተረከ፤ ከሰው ጥቂቱ ላይ የሚከሰት፣ የማይጎዳ ነገር ነው። ሌላዋ ካሮት በማብዛት መዳፏ ቢጫ ሆኖ ጉበቴ ነው ብላ እንደጨነቀች ጻፈች። አዛውንቱ ልጄ፣ በካሮት ቆዳ ቢጫ ሲሆን የዓይን ነጩ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በጉበት ሲሆን ግን መጀመሪያ ቢጫ የሚሆነው ዓይን ነው ብለው ለይተው አሳዩዋት። አንዱ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ቀይ ስርና ስፒናች ጠጠር የሚያበጀው ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ስለሚበዛባቸው በብርጭቆ በብርጭቆ እንዳይጨምቅ አስጠነቀቀ። ሌላው በብሌንደር ቢፈጭ ፋይበሩ አይጣልም፣ በመጭመቂያ ማሽን ግን ስኳሩ ይቀራል ፋይበሩ ይጣላል አለ፤ ከዚያ ስለ ማሽኖች ወሬ ተጀመረ።

ምላሽ 27 እና 28

አንዱ ከጭማቂ ሁሉ ለጉበት የተሻለ ማስረጃ ያለው ቡና ነው አለ፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳና መጠጠር) እና የጉበት ካንሰር እንደሚያንስባቸው በብዙ አገር በተደረጉ ክትትሎች ታይቷል። ምላሽ 11 ተቀበለው፤ ክትትል እንጂ ሙከራ እንዳልሆነ፣ ጉበቱ የታመመ ሰው ቡና ስለሚያስጠላው ራሱን ሊያገልል እንደሚችል፣ ቀይ ስር ላይ የጠየቅነውን ቡና ላይ መተው አድልዎ እንደሆነ ተናገረ። ቡናውን ያመጣው ሰው ተቆጥቶ ሁሉን የምትጠላ አንተ ነህ አለው። እኔ ምላሽ 11ን እደግፋለሁ፤ ቡናዬን እየጠጣሁ።

ምላሽ 29

ጉበት ስለመጠበቅ ይህን ያህል ሲጻፍ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ማንም አለማንሣቱ እንደገረማት የጻፈች ነርስ ናት። ለሕፃን የመጀመሪያው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል አለች።

ምላሽ 30

የመጭመቂያ ማሽኑ ድምፅ ጎረቤት ይረብሻል።

ምላሽ 31 እና 32

ጠያቂው ነርሷን አዋቂ መከተብ ይችል እንደሆነ ጠየቃት። መጀመሪያ በደም ምርመራ ቫይረሱ ወይም መከላከያው መኖር አለመኖሩ እንደሚታይ፣ ሁለቱም ከሌሉ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት መርፌ እንደሚወሰድ መለሰችለት። በዚያው ደሙ ሄፓታይተስ ሲም እንዲታይለት ይጠይቅ አለችው፤ ለሱ ክትባት የለውም፣ ነገር ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን አብዛኛው ሰው ይድናል።